ስፖኪዮ የማያሳየን ቦታ

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቤተል አካባቢ ከምንኖርበት ግቢ መኪናዬን ላወጣ ሞተር አስነሳሁ። መኪናዬ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ ዕድሜዋን አልነግራችሁም (ሴት ዕድሜዋ አይጠየቅም ይባል የለ!)። የመሐሉን መስታወት አየሁ፤ ባዶ። የግራውን ስፖኪዮ አየሁ፤ ባዶ። የቀኙንም አየሁ፤ ከግድግዳውና ከውኃ ሮቶው በስተቀር ምንም የለም። የኋላ ማርሽ አስገባሁና ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጌ መልቀቅ ስጀምር፣ በረንዳ ላይ ቡና የሚለቅሙት የአከራያችን እናት “ኧረ ቁም! ኧረ በማርያም ቁም ልጄ!” ብለው ጮኹ። እግሬ ፍሬን ላይ ወጣ። ሞተሩ ተንጫጭቶ ጠፋ።

ወረድኩ። ከመኪናዋ ኋላ፣ ከፓራውልቱ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ የጎረቤታችን ልጅ ቁጢጥ ብሎ ቆርኪ ይደረድራል። አራት ዓመቱ ነው። ቀና ብሎ አየኝና “ልትሄድ ነው እንዴ?” አለኝ።

እናቱ ከቤት ወጥታ ልጇን አንስታ፣ አንድ ቃል ሳትናገር ተመልሳ ገባች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እማማ የለቀሙት ቡና በረንዳው ላይ ተበትኗል። እኔ ደግሞ መኪናዋን ተደግፌ እግሬ እስኪጸናልኝ ቆምኩ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ አላየሁም እንዳልል አይቻለሁ። ሦስቱንም መስታወት አይቻለሁ። ፍጥነት የለም፣ መጠጥ የለም፣ ስልክ የለም። ሁላችንም አደጋ ሲነሳ የምንጠራቸው ጥፋቶች አንዳቸውም በቦታው አልነበሩም። ልጁ ግን ጎማው ሥር ሊገባ አንድ ክንድ ቀርቶት ነበር። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ነገር ነው፤ አይቶ አለማየት።

ፈረንጆቹ “ብላይንድ ስፖት” ይሉታል፤ የእኛም ሾፌሮች ቃሉን እንዳለ ወስደውታል። እኔ እዚህ “ስውር ቦታ” እለዋለሁ። ሾፌሩ መቀመጫው ላይ ሆኖ በቀጥታም በመስታወትም ሊያየው የማይችለው፣ መኪናው ራሱ የሚጋርደው ቦታ ማለት ነው። መንጃ ፈቃድ ሳወጣ በተማርኩበት ማሠልጠኛ (ስሙ ይቆየን) በምልክቶች መሐል ወደ ኋላ ማቆምን ለሁለት ሳምንት ተለማምደናል። ስለ ስውር ቦታ ግን የተነገረኝ “ስፖኪዮ እይ” የሚል ብቻ ነበር። ስፖኪዮ እይ! እኔም አየሁ።

ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን መኪና የነዱ አንድ አዛውንት አሉ። ከመርካቶ ጅማ፣ ከመርካቶ ነቀምቴ በአይሱዙ የተመላለሱ ናቸው። አሁን አይሱዙዋን ልጃቸው ነው የሚነዳት፤ ማታ ማታ በራችን ፊት ለፊት ታድራለች። የቅዳሜውን ነገር ሰምተው ኖሮ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አስጠሩኝ። “ሰማሁ” አሉኝ። “አዎ ጋሼ” አልኩ። “ጀሪካን አለህ?” አሉኝ። ያልጠበቅኩት ጥያቄ ነበር።

እናላችሁ ከየቤቱ ቢጫ ጀሪካን ተለቃቀመ። ባለ 20 ሊትሩን ማለቴ ነው። ጋሼ እኔን አይሱዙዋ ጋቢና ውስጥ መሪው ላይ አስቀመጡኝ። ልጃቸው ጀሪካኑን ከፊት ፓራውልቱ ሥር አቆመና “ይታይሃል?” አለኝ። “አይታየኝም” አልኩ። አንድ እርምጃ አራቀው፤ አልታየኝም። ሁለት እርምጃ አካባቢ ሲደርስ ቢጫ ክዳኑ ብቅ አለ። ከዚያ ወደ ግራ በር፣ ወደ እኔ በኩል አመጣው። ግማሽ እርምጃ ብቻ እንደራቀ አየሁት። ቀጥሎ ወደ ቀኝ በር ወሰደው። አንድ እርምጃ፤ የለም። ሁለት፤ የለም። ሦስተኛው ላይ ነው የታየኝ። ኋላውንማ ተዉት፤ ካሶኒው ከጋቢናው ከፍ ብሎ ስለቆመ የመሐል መስታወት ከጌጥነት አያልፍም። ልጁ ከኋላ ሃያ ጀሪካን ቢደረድር አንዱም አይታየኝም።

“አሁን ደግሞ ያንተዋ” አሉ ጋሼ። ዲኤክሷ ውስጥ ገባሁ። ከፊት ኮፈኑን አለፍ ካለ ጀሪካኑ ይታያል። ከኋላ ግን ልጃቸው ጀሪካኑን እያራቀ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ። በኋላው መስታወት የጀሪካኑን ጫፍ ሳይ ዘጠኝ እርምጃ ርቋል። ዘጠኝ እርምጃ! ስድስት ሜትር ተኩል ያህል መሆኑ ነው። ቁጢጥ ያለ የአራት ዓመት ልጅ ደግሞ ከባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብዙም አይበልጥም። ማሙሽ እዚያ ዘጠኝ እርምጃ ውስጥ የትም ቢቀመጥ ለእኔ ያው የለም ማለት ነው።

ነገሩ አስማት የለበትም። ዓይናችሁ የተወሰነ ከፍታ ላይ ነው፤ ከፊታችሁ ወይም ከኋላችሁ ደግሞ የመስኮቱ ታችኛው ጠርዝ አለ። ከዓይናችሁ ተነስታችሁ በዚያ ጠርዝ ላይ የሚያልፍ ገመድ ብትወጥሩ፣ ገመዱ መሬት እስኪነካ ድረስ ከሥሩ ያለው ሁሉ ስውር ነው። ጠርዙ ለዓይን ቅርብ ከሆነ ገመዱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ስውር ቦታው ያጥራል። የአይሱዙዋ የግራ በር እንዲህ ነው፤ ክርናችሁን የምታስደግፉበት ጠርዝ ስለሆነ ቁልቁል ታያላችሁ። ጠርዙ ሩቅ ከሆነ ገመዱ ይለጠጣል። የቀኙ በር ከሾፌሩ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይርቃል፤ ስለዚህ ሦስት እርምጃ ይሰወራል። የዲኤክሷ የኋላ ጠርዝ ደግሞ ከዓይኔ እጅግ ሩቅ፣ ከፍታውም ከዓይኔ ብዙ የማያንስ ነው። ገመዱ ለጥ ብሎ ይሄድና መሬት የሚነካው ሜዳው ሌላኛው ጫፍ ነው።

እኛ አገር መሪ በግራ ስለሆነና በቀኝ ስለምንነዳ፣ ትልቁ ስውር ቦታ የሚወድቀው በቀኝ በኩል ነው። በቀኝ በኩል ደግሞ ማን አለ? እግረኛው፣ ታክሲ ጠባቂው፣ ቆሎ ሻጯ፣ ከእህል በረንዳ የተጫነች አህያ፣ ብስክሌተኛው። አሜሪካኖች ለከባድ መኪና “እዚህ አትግቡ” ብለው የሚያስተምሩት መለኪያ አለ፤ ከፊቱ 6 ሜትር፣ ከኋላው 9 ሜትር፣ በግራው አንድ ረድፍ፣ በቀኙ ሁለት ረድፍ ስፋት። መሪያቸው እንደ እኛው በግራ ነውና ልኩ ለእኛም ይሠራል። በጠባቡ የወይራ ሰፈር መንገድ ላይ በቀኝ ሁለት ረድፍ ማለት መንገዱ ከነእግረኛው ማለት ነው።

የከተማችን ሰው በአንድ ወቅት አይሱዙን “አልቃይዳ”፣ ሲኖ ትራክን ደግሞ “ቀይ ሽብር” እያለ ይጠራ ነበር። ስሙ ከሜዳ አልመጣም፤ ስንት ቤት አጨልመዋል። ነገር ግን ስሙ ጥፋቱን ሁሉ በሾፌሩ ጠባይ ላይ ይጥለዋል። ጠባዩ የሚያስጠይቀው ሾፌር ሞልቷል፣ አልክድም። የጋሼን ጋቢና ከተቀመጥኩበት በኋላ ግን ሌላም ነገር ይታየኛል። ሲኖ ላይ የሚቀመጠው ሰው ከአይሱዙው የበለጠ ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ሩቁን ያያል፤ ጋራውን ያያል፤ ጉያው ሥር ያለውን አያይም። ረጋ ያለው ሾፌርም ቢሆን።

ለንደኖች ይህንን ጉዳይ ከሾፌሩ አውርደው ከመኪናው ላይ ጫኑት። ከ12 ቶን በላይ የሆነ የጭነት መኪና ሾፌሩ በመስኮት በቀጥታ ምን ያህል ያያል ተብሎ ተለክቶ ከዜሮ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. ከማርች 2021 ጀምሮ አንድ ኮከብ ያላገኘ መኪና ካሜራና ማስጠንቀቂያ ድምፅ ካልገጠመ ከተማዋ ውስጥ መንዳት ተከለከለ፤ በኦክቶበር 2024 ደግሞ መነሻው ወደ ሦስት ኮከብ ከፍ አለ። የአውሮፓ ኅብረትም ቀደም ብሎ፣ አገልግሎት ላይ የነበሩ ከባድ መኪኖች እስከ እ.ኤ.አ. ማርች 2009 መጨረሻ ድረስ የቀኝ ጎናቸውን ሰፋ አድርጎ የሚያሳይ ተጨማሪ ስፖኪዮ እንዲያስገጥሙ አስገድዶ ነበር። ከበሩ በላይ ቁልቁል የሚመለከተውን ያንን ክብ መስታወት የሚያጎድል የጭነት መኪና እዚህ እኛ ዘንድ ስንት እንዳለ አንድ ቀን አየር ጤና ቆማችሁ ቁጠሩ። ተሰብሮ በላስቲክ የታሰረውንም እንዳትረሱ።

መታጠፊያ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ረጅም መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊቱን ጎማ ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቆርጣል። ስለዚህ ሾፌሩ ጥጉን እንዳይመታ መጀመሪያ ወደ ግራ ሰፋ ብሎ ይወጣል። ከጎኑ ያለ ሰው “ወደ ግራ ሊሄድ ነው” ብሎ በተከፈተው ክፍተት ይገባል። የገባበት ክፍተት ግን የኋላ ጎማው መንገድ ነው፤ ደግሞም ያ ሦስት እርምጃ ስውር ቦታ ነው። ተሳቢ ካለው ነገሩ ይብሳል። አጠና ተራ አካባቢ አጠና ጭኖ የሚታጠፍ መኪና አይታችሁ ከሆነ፣ ከካሶኒው ወደ ኋላ የተረፈው አጠና በተቃራኒው በኩል እንዴት ሰፊ ቅስት እንደሚጠርግ ታውቃላችሁ። ሾፌሩ ያንን ጫፍ አያየውም። ካሶኒው ሞልቶ ወደ ጎን ከተረፈማ ስፖኪዮውም ስለ አጠና ብቻ ነው የሚነግረው።

ወደ ትንንሾቹ መኪኖች ልመለስ። እዚህ ላይ ብዙ አውቶሞቢል ነጂ (እኔንም ጨምሮ) ስፖኪዮውን የሚያስተካክለው የራሱን መኪና ጎን እንዲያሳየው አድርጎ ነው። የራስን በር ማየት ያጽናናል መሰለኝ። ነገር ግን በራችሁ የትም አይሄድም፤ ሌባ ካልወሰደው። ጆርጅ ፕላትዘር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1995 ባቀረበው ጽሑፍ ይህንን አስተካከል ተችቶ ሌላ ዘዴ አሳየ። ጭንቅላታችሁን የግራውን መስኮት እስኪነካ ድረስ አስጠጉና የመኪናችሁ ጎን ለጥቂት ብቻ እስኪታይ ስፖኪዮውን ወደ ውጭ ግፉት። ለቀኙ ደግሞ ወደ መኪናው መሐል ዘንበል በሉና እንዲሁ አድርጉ። ቀጥ ብላችሁ ስትቀመጡ የራሳችሁ መኪና ጨርሶ አይታያችሁም። መጀመሪያ ይረብሻል፤ እኔ ሦስት ቀን ዓይኔ ሲቅበዘበዝ ሰነበተ። ጥቅሙ ግን የሚቀድማችሁ መኪና ከመሐሉ መስታወት ሲወጣ የጎኑ ስፖኪዮ ይቀበለዋል፣ ከስፖኪዮው ሲወጣ ደግሞ በዓይናችሁ ዳር ይገባል። በመካከል የሚጠፋበት ቦታ እጅግ ይጠባል።

እዚህ አንድ ነገር ልጨምር። ዘዴው የሚሠራው የመሐሉ መስታወት ኋላን በደንብ ሲያሳይ ነው። ለሚኒባስ አይሆንም፤ የኋላው መስኮት በሰው ራስና በተለጠፈ ጥቅስ ተሸፍኗል። ለአይሱዙም አይሆንም። በጠባብ የኮብልስቶን መንገድ ወደ ኋላ ስትነዱም ጎናችሁን ማየት ያስፈልጋችኋልና ዘንበል ማለት ግድ ነው። ደግሞም በብዙ መኪኖች ስፖኪዮ ጎበጥ ያለ ነው። ጎበጥ ያለ መስታወት ሰፊ ቦታ ያሳያል፤ በምትኩ ነገሩን ያሳንሰዋል፤ ያነሰ ነገር ደግሞ ሩቅ ይመስላል። “ገና ነው” ያላችሁት ሚኒባስ ጎናችሁ ደርሷል።

ከጎን መንገድ ወደ ቀለበት መንገዱ ስንገባ፣ ለምሳሌ በ18 ማዞሪያ በኩል፣ ስፖኪዮ ካየን በኋላ በትከሻ ላይ አንድ ጊዜ ዘወር ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ይህን ስል “ስዞር የፊቱ ቢቆምስ?” ያለኝ ጓደኛ አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በአንድ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ትሄዳላችሁ። ስለዚህ ዘወር የሚባለው ለግማሽ ሰከንድ ነው፤ እሱም ከፊት ካለው መኪና ራቅ ብሎ ነው። ፍሬቻ ቀድሞ ይበራል፤ ማስታወቂያ እንጂ ፈቃድ አይደለም። እኛ ዘንድ ፍሬቻ ያበራ ሰው መንገዱ የተሰጠው ይመስለዋል (ፍሬቻ ካበራ ነው እንግዲህ)።

የፊቱስ? ፊት ለፊት ሁሉ የሚታይ ይመስለናል። ከፊት መስታወቱ ግራና ቀኝ ጣሪያውን የሚሸከሙ ሁለት ምሰሶዎች አሉ። አሥር ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ምሰሶ ከዓይናችሁ ሰባ ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ በሁለት ዓይን አይታችሁ እንኳ በ10 ሜትር ርቀት ላይ ግማሽ ሜትር ያህል፣ በ20 ሜትር ላይ አንድ ሜትር ያህል ይጋርድባችኋል። ግማሽ ሜትር ማለት አንድ ሰው ነው። አንድ ሜትር ማለት ልጇን የያዘች እናት ናት። ይባስ ብሎ እናንተ ወደ ግራ ስትታጠፉ እግረኛው ደግሞ ዜብራውን ሲያቋርጥ፣ የሁለታችሁ ፍጥነት ከተመጣጠነ ከምሰሶው ኋላ እንደተደበቀ አብሯችሁ ይጓዛል። ታጥፋችሁ እስክትጨርሱ ድረስ አንዴም አይታያችሁም። ከዚያ “ከየት መጣ?” ትላላችሁ። የትም አልመጣም፤ አብሯችሁ ነበር። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ መታጠፊያ ላይ አንገትን ወደ ፊትና ወደ ጎን ወዝወዝ ማድረግ። የሚያይ ሰው እስክስታ የጀመራችሁ ሊመስለው ይችላል፤ ይምሰለው።

በዚያ ላይ እኛ ራሳችን የምንጨምረው አለ። የመሐሉ መስታወት ላይ መቁጠሪያ፣ ከሱ ጋር ባንዲራ፣ ከሱ ጋር የሽቶ ካርቶን ይንጠለጠላል፤ ክሩስኮቱ ላይ አበባና የሶፍት ሳጥን ይቀመጣል። የፊት መስታወቱ ላይኛው ክፍል በትልቅ ጽሑፍ ይሸፈናል፤ ከግራና ከቀኝ ዘርፍ ያለው መጋረጃ ይሰቀላል። እምነትን የሚነካ ነገር እየተናገርኩ አይደለም፤ ሥዕሉ በሩ ላይ ቢሆንም ይጠብቃል። ክረምት ላይ ደግሞ ከዓለም ባንክ ወደ ውስጥ በሚገቡት መንገዶች የሚረጨው ጭቃ ስፖኪዮውን በአንድ ጉዞ ይለብጠዋል። ጨርቅ ይዞ መውጣት ነው፤ ሌላ ዘዴ የለውም።

ስለ ሚኒባስ ልናገር። የሚኒባስ ረዳት ላይ ሁላችንም እናማርራለን፤ ስለ መልሱም፣ ስለ አፉም። ነገር ግን እሱ የሾፌሩ የቀኝ ዓይን ነው። በሩን ይዞ ወጣ ብሎ “ሂድ! ሂድ! ቆይ አህያ አለ!” የሚለው ጩኸት ስፖኪዮ የማይሠራውን ይሠራል። ወደ ኋላ ሲነዳ ወርዶ ኋላ ቆሞ “ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!” ይላል፤ የመኪናውን ቆዳ በእጁ ይመታል። ጋሼ እንደሚሉት በእሳቸው ዘመን ረዳት ሳይወርድ ወደ ኋላ መንዳት ነውር ነበር። ታዲያ ረዳቱ ቀኝ ስውር ቦታው ላይ ዓይኑን ትቶ ሳንቲም ሲቆጥር፣ ሾፌሩ ደግሞ “እሱ ያያል” ብሎ ሲተማመን፣ ያኔ ማንም አያይም። ደግሞም ወደ ኋላ የሚያስነዳ ረዳት መቆም ያለበት ሾፌሩ በስፖኪዮ በሚያየው በኩል ነው። ልክ ከመኪናው ኋላ መሐል ላይ የሚቆመው ራሱ ስውር ቦታ ውስጥ ነው የገባው።

እግረኛው የሚያደርገውም አለ። ከታክሲ ወርዶ በታክሲው ፊት ለፊት ማቋረጥ ጦር ኃይሎችም አየር ጤናም በየደቂቃው የምናየው ነው። የቆመው ታክሲ ሾፌር ምናልባት አይቷችኋል፤ በግራው በኩል የሚያልፈው ሾፌር ግን አላያችሁም። እናንተም እሱን አላያችሁትም። ታክሲው ለሁለታችሁም መጋረጃ ነው። ከኋላው ዞሮ፣ መጋረጃው ጫፍ ላይ ቆም ብሎ፣ አንገት አውጥቶ ማየት አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ለትላልቆቹ መኪኖች ደግሞ አንዲት ቀላል መለኪያ አለች፤ የሾፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካላያችሁ እሱም አያያችሁም። ፊቱን ካያችሁ ደግሞ ማየት ይችላል ማለት እንጂ አይቷችኋል ማለት አይደለም። ከቆመ የጭነት መኪና ፊት ሥር ማለፍ ግን አይሞከር። ሁለት እርምጃ ውስጥ ቁጢጥ ያለ ልጅ፣ ጎንበስ ብሎ ዕቃ የሚያነሳ ሰው፣ ተሸካሚ ሁሉ ይሰወራል።

ይህንን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። በእኛው አዲስ አበባ ከ2009 እስከ 2011 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰው ሞቷል፤ አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። መኪና ውስጥ ያለው ሳይሆን መኪና ውጭ ያለው ነው የሚሞተው።

አሁን አዲስ መኪና የገዙ ወዳጆቼ “ካሜራ አለው እኮ” ይሉኛል። ይሁን። የኋላ ካሜራ ትልቅ ነገር ነው። እንዲያውም ታሪኩ ከእኔ ቅዳሜ ጋር ይመሳሰላል፤ መጨረሻው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በኒው ዮርክ ግዛት አንድ አባት፣ ያውም የሕፃናት ሐኪም፣ መኪናውን ወደ ኋላ ሲነዳ የሁለት ዓመት ልጁን ሳያየው ገጨው፤ ልጁ ሞተ። መስታወቶቹን አይቶ ነበር። አባትየው ዓመታት ተሟግቶ እ.ኤ.አ. በ2008 በልጁ ስም ሕግ ወጣ። ከሜይ 2018 ጀምሮም እዚያ አገር የሚሸጥ አዲስ አውቶሞቢል ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። ቮልቮም በ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በጎን ስውር ቦታ ውስጥ መኪና ሲገባ መብራት የሚያበራ መሣሪያ ገጠመ፤ ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች ይገጥሙታል።

እኛ ዘንድ ደግሞ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል። ብዙዎቹ ባለ ካሜራ ናቸው፤ መልካም። ነገር ግን በዝግታ ሲነዱ የሞተር ድምፅ የላቸውም። እስከ ዛሬ ስውር ቦታ ውስጥ ያለውን እግረኛ ያዳነው ብዙ ጊዜ ጆሮው ነው። የዲኤክሴን ሞተር ሰፈሩ በሙሉ ይሰማታል (ማሙሽ ግን ለምዷት ኖሮ አልተነሳም)። ድምፅ የሌለው መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ግን ማየት የሚቀረው ለሾፌሩ ብቻ ነው። ካሜራውም ሐምሌ ላይ ጭቃ ይለብሳል፤ ማታ ይደበዝዛል፤ ከጎን ሮጦ የሚገባን ልጅ ዘግይቶ ነው የሚያሳየው። ስክሪኑን እያየ የሚነዳ ሰው ደግሞ ስፖኪዮውን ይረሳል።

ስለዚህ ጋሼ ያስተማሩኝን ይዣለሁ። ከመግባቴ በፊት መኪናዋን አንድ ጊዜ እዞራለሁ፤ ጎንበስ ብዬ ከሥሯም አያለሁ። ዞሬ እንደጨረስኩ ወዲያው ገብቼ እነሳለሁ፤ ዞሮ ከተመለሱ በኋላ ስልክ ማውራት የዞሩትን ያጠፋዋል። ከተቻለ ማታ ስገባ ወደ ኋላ ገብቼ አቆማለሁ፤ ጠዋት ፊት ለፊት አይቼ እወጣለሁ።

የቀረኝ የማሙሽ እናት ነበረች። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሰላምታዋ አጭር ሆኗል። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቼ አንድ ምሽት ድፍረት አግኝቼ “እባክሽ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ” አልኳት። መኪናዋ ቆማለች፤ ቁልፉን አውጥቼ እጇ ላይ አኖርኩት። መሪው ላይ አስቀመጥኳት። ማሙሽን እማማ እጁን ይዘው ከኋላ ወሰዱትና ቆርኪዎቹን ሰጡት። ቁጢጥ አለ።

“እዪው” አልኳት። የመሐሉን መስታወት አየች። የግራውን አየች። የቀኙን አየች። ዞራ በኋላው መስኮት አየች። እንደገና የመሐሉን አየች።

“የት ሄደ?” አለች።

በሩን ከፍታ ወርዳ እስክታየው ድረስ አልተቀመጠችም። ከዚያ በኋላ ስለ ቅዳሜው ተነጋገርን፤ ብዙ አይደለም፤ ትንሽ። ቡናም ጠጣን።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሞተር ሳስነሳ ማሙሽ በረንዳው ላይ ከእማማ ጉልበት አጠገብ ነው። መኪናዋን ሳልዞር ከገባሁ “አልዞርክም! አልዞርክም!” እያለ ይጮህብኛል፤ ወርጄ ካልዞርኩ አያቆምም።